ሙቀትና ቅንጣቶች፦ ከጀበና እስከ ጋዝ ሲሊንደር፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ቦታ ይመጣሉ። ግማሾቹ ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ደብተር፣ ግማሾቹ ደግሞ ምድጃ አጠገብ ከቆመ ሰው። መልሳቸው ግን አንድ ላይ ይገናኛል። አንድ ነገር ሲሞቅ፣ ሲቀልጥም ሆነ ሲተን ቅንጣቶቹ ራሳቸው አይለወጡም። የሚለወጠው ፍጥነታቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትና እርስ በርስ የተያያዙበት ጥንካሬ ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን ራሱ ይደርስበታል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቅንጣት የሚባለው ምንድን ነው? በዓይን ይታያል?

አይታይም። ውሃም ሆነ ብረት ወይም አየር የተሠራው እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ አተሞችና ሞለኪውሎች ነው። እነሱን በጅምላ ቅንጣት እንላቸዋለን። አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ስንት ሞለኪውል እንዳለ ለመጻፍ ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ መደርደር አለባችሁ። እሱም ያንሳል።

ካልታዩ መኖራቸው በምን ታወቀ? በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከአበባ ዱቄት የወጡ ብናኞችን ውሃ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ብናኞቹ ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። ሕይወት ስላላቸው ይሆናል ብሎ የድንጋይ ብናኝ ሞከረ። ድንጋዩም ተንቀጠቀጠ! ምክንያቱን በሂሳብ ያስረዳው አልበርት አንስታይን ነው፣ በ1905። የማይታዩት የውሃ ሞለኪውሎች ብናኙን ከየአቅጣጫው ይገጩታል፤ ግጭቱ እኩል ስለማይሆን ብናኙ ወዲያ ወዲህ ይላል። ፈረንሳዊው ዣን ፔራን ይህን በሙከራ አረጋገጠና በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዚያ በኋላ አተም የለም ብሎ የሚከራከር አልተገኘም ማለት ይቻላል።

ሙቀትና ቴምፕሬቸር አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ከሁሉም ጥያቄ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቴምፕሬቸር፣ መማሪያ መጽሐፍ መጠነ ሙቀት የሚለው፣ ቅንጣቶቹ በአማካይ ምን ያህል በኃይል እንደሚንቀሳቀሱ ይነግረናል። ሙቀት ደግሞ ከሞቀው ነገር ወደ ቀዘቀዘው የሚተላለፈው ኃይል ነው። የመጀመሪያው በዲግሪ ይለካል፣ ሁለተኛው በጁል።

በቁጥር እንየው። አንድ ስኒ ቡና 60 ግራም ውሃ ነው እንበል፣ 85 ዲግሪ ላይ። ደጅ ያለው 200 ሊትር በርሜል ደግሞ ፀሐይ መትቶት 30 ዲግሪ ደርሷል። ሁለቱም ወደ 20 ዲግሪ እስኪወርዱ ብንጠብቅ ቡናው የሚለቀው 16 ኪሎጁል ያህል ነው። በርሜሉ ከ8,000 ኪሎጁል በላይ ይለቃል። ምላስ የሚያቃጥለው ቡናው ነው፤ ብዙ ሙቀት የሚለቀው ግን ለብ ያለው በርሜል ነው።

የብየዳ ቤት ሠራተኞች ይህን በቆዳቸው ያውቁታል። ብረት በግራይንደር ሲቆረጥ የሚረጨው ብልጭታ ከ1,000 ዲግሪ ይበልጣል። እጅ ላይ ሲያርፍ ግን ቆንጠጥ አድርጎ ይጠፋል። ብናኟ ትንሽ ስለሆነች የምትሰጠው ሙቀት ጥቂት ነው። ዓይን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ መነጽር ሳያደርጉ እንዳትሞክሩት።

በጠጣር፣ በፈሳሽና በጋዝ ውስጥ ቅንጣቶቹ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ?

ጠጣር ውስጥ ቅንጣቶቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። እግሩ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ትከሻው የሚርገፈገፍ እስክስታ ወራጅ በሉት። ሲሞቅ ትከሻው ይብስበታል፤ እግሩ ግን እዚያው ነው። ድንጋይ ቅርጹን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ፈሳሽ ውስጥ እንደተነካኩ ናቸው፤ ግን አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ ቦታ ይለዋወጣል። ስለዚህ ውሃ የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል፣ መጠኑ ግን ያው ነው።

ጋዝ ውስጥ መያያዝ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተራርቀው በየአቅጣጫው ይወረወራሉ። አሁን ፊታችሁ ላይ ያለው አየር ውስጥ የናይትሮጅን ሞለኪውሎች በአማካይ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይሮጣሉ። በሰዓት ሲሰላ 1,800 ኪሎ ሜትር፣ ከመንገደኛ አውሮፕላን በላይ ማለት ነው።

እንዲህ ከፈጠኑ ታዲያ ጎረቤት የሚቆላው ቡና ሽታው እኛ ጋ ለመድረስ ለምን ይቆያል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞለኪውሉ ይፈጥናል እንጂ መንገዱ ክፍት አይደለም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ከሌሎች ሞለኪውሎች ጋር ይጋጫል፤ በተጋጨ ቁጥር አቅጣጫ ይቀይራል። ብዙ ሮጦ ትንሽ ነው የሚራመደው። ሽታው እኛ ጋ ቶሎ የሚደርሰው በአብዛኛው ነፋስ ወይም የሚንቀሳቀስ አየር ስለሚሸከመው ነው። በሩ ተዘግቶ አየሩ ጸጥ ካለ ይዘገያል።

በነገራችን ላይ ስኳር ትኩስ ቡና ውስጥ ቶሎ የሚሟሟውም በዚሁ ቅንጣት እንቅስቃሴ ነው። ፈጣኖቹ የውሃ ሞለኪውሎች ስኳሩን በየጎኑ እየገጩ ይነቅሉታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ይሟሟል፣ ማማሰያ ግን ይፈልጋል።

ውሃው ከፈላ በኋላ እሳቱን ብጨምር ምግቡ ቶሎ ይበስላል?

አይበስልም። ጋዝ ብቻ ነው የምታባክኑት።

ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንይ። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ አዲስ አበባ ውስጥ በ92 ዲግሪ እስኪፈላ ድረስ 300 ኪሎጁል ገደማ ይበላል። እስከዚህ ድረስ እያንዳንዱ የጨመርነው ሙቀት ሞለኪውሎቹን ያፈጥናል፤ ቴርሞሜትሩም ይወጣል። መፍላት ሲጀምር ግን ቴርሞሜትሩ ይቆማል። እሳቱ እየነደደ ነው፣ ሙቀቱ እየገባ ነው፣ ዲግሪው ግን ንቅንቅ አይልም። የሚገባው ሙቀት ሁሉ ሞለኪውሎቹን ከማፍጠን ይልቅ አንዱን ከሌላው መነጠል ላይ ይውላል። ያ ሊትር ሙሉ በሙሉ ተንኖ እስኪያልቅ ሌላ 2,280 ኪሎጁል ገደማ ይፈልጋል። ለማፍላት ከወጣው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው!

ስለዚህ የሚንተከተክ ድስትና ቀስ ብሎ ፈላ ፈላ የሚል ድስት ውስጥ ያለው ውሃ እኩል ይሞቃል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ቶሎ መድረቁ ነው። ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት። ሽምብራውም ባቄላውም የሚያውቀው ዲግሪውን እንጂ የነበልባሉን ቁመት አይደለም።

ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደል? 92 ከየት መጣ?

100 የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው። መፍላት ማለት ከውሃው ውስጥ የእንፋሎት አረፋ ተፈጥሮ ሳይጨፈለቅ ወደ ላይ መውጣት ሲችል ነው። አረፋው ከላይ የሚጫነውን አየር መቋቋም አለበት። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፣ ጫናውም ይላላል፤ ስለዚህ ሞለኪውሎቹ ያን ያህል ሳይፈጥኑ አረፋ መሥራት ይችላሉ። በግርድፉ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል በሉት። ድሬዳዋ 96 አካባቢ ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ሻይ የሚያፈላ ሰው 85 ላይ ይቆምበታል። ከባሕር ጠለል በታች ያለው ዳሎል ደግሞ ከ100 ትንሽ ያልፋል።

የግፊቱን ልዩነት ያለ ምንም መሣሪያ ማየት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ሃይላንድ በደንብ ክደኑና መኪና ውስጥ ጣሉት። አዋሽ ስትደርሱ ጭምድድ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ይህ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ጣጣ አለው። ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣች ዘመድ የፓስታው ማሸጊያ ላይ 8 ደቂቃ የሚል አይታ በ8 ደቂቃ ታወጣዋለች። ከዚያ ፓስታው ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ማሸጊያው አልዋሸም፤ የጻፈው ሰው ግን 100 ዲግሪ ውሃ ይዞ ነው ያሰበው። እዚህ ጥቂት ደቂቃ መጨመር ነው።

ፕሬዠር ኩከር ታዲያ ምን አዲስ ነገር ይሠራል?

የጠፋውን ግፊት ይመልሳል፣ ከዚያም አልፎ ይጨምራል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውስጡ ይጠራቀምና ውሃውን ይጫነዋል። ግፊቱ ሲጨምር ውሃው 92 ላይ መቆሙ ይቀርና አዲስ አበባም ቢሆን 115 ገደማ ድረስ ይወጣል። ለደጋ ሰው ከዚህ የሚሻል የወጥ ቤት ዕቃ ያለ አይመስለኝም። ለሽሮ አያስፈልግም፤ ለባቄላ፣ ለበሬ ሥጋና ለቦሎቄ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ግፊቱ ሳይወጣ በግድ መክፈት አደጋ ነው።

የእንፋሎት ቃጠሎ ከፈላ ውሃ ቃጠሎ ለምን ይብሳል?

ዲግሪያቸው እኩል ቢሆንም እንፋሎቱ ያንን 2,280 ኪሎጁል ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ቆዳ ሲነካ መልሶ ውሃ ይሆናል፤ የተሸከመውንም እዚያው ያራግፈዋል። በኪሎ ሲሰላ የፈላ ውሃ ወደ ሰውነት መጠነ ሙቀት እስኪወርድ ከሚለቀው አሥር እጥፍ ያህል ነው። አክንባሎ ወይም የድስት ክዳን ስታነሱ መጀመሪያ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጎን ከፍ አድርጉ።

በረዶ እየቀለጠ ሳለ ውሃው ለምን አይሞቅም?

ነገሩ ከመፍላቱ ጋር አንድ ነው። የሚገባው ሙቀት ቅንጣቶቹን ከቦታቸው ማላቀቅ ላይ ይውላል። አንድ ኪሎ በረዶ 0 ዲግሪ ላይ እንዳለ ለመቅለጥ ብቻ 334 ኪሎጁል ይፈልጋል። በዚያ ሙቀት ያው ኪሎ ውሃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ መሞቅ ይችል ነበር። ለስላሳ ውስጥ የተጨመረ በረዶ ከቀዝቃዛ ውሃ በተሻለ የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ይህን ተደብቆ የሚቀር ሙቀት በ1760ዎቹ መጀመሪያ የለካው ጆሴፍ ብላክ ነው፣ ስኮትላንድ ውስጥ።

ቅቤስ? ቅቤ አንድ የታወቀ የሚቀልጥበት ዲግሪ ያለው አይመስልም።

ልክ ነው፣ የለውም። ውሃ አንድ ዓይነት ሞለኪውል ስለሆነ 0 ላይ ይቀልጣል፣ አለቀ። ቅቤ ግን የብዙ ዓይነት ስብ ድብልቅ ነው። አንዳንዱ ቀድሞ ይላላል፣ ሌላው ቆይቶ። ስለዚህ መጀመሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይዝላል፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ፈሳሽ ይሆናል።

ቅቤ ሲነጠር የሚሆነውን ግን ልብ ብሎ ማየት ያስደስታል። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ። ድስቱ ሲሞቅ ያ ውሃ መፍላት ይጀምራል፤ አረፋ ይወጣል፣ ቸር ቸር የሚል ድምፅ ይሰማል። ውሃው እስካለ ድረስ የድስቱ ዲግሪ ከውሃው መፍያ ብዙም አይርቅም፣ ምክንያቱም ሙቀቱን ሁሉ የሚበላው የሚተነው ውሃ ነው። ኮረሪማውም ኮሰረቱም በሰላም ሽታቸውን ይሰጣሉ። ከዚያ ድምፁ ይቀንሳል፣ አረፋው ይሳሳል፣ ቅቤው ጥርት ይላል። ውሃው አለቀ ማለት ነው። ከዚህች ደቂቃ በኋላ ዲግሪውን የሚይዘው ነገር የለም። እሳቱ ያው ሆኖ ሳለ ቅቤው በፍጥነት ይሞቃል፣ ትንሽ ከቆየም ያርራል። የለመዱ እናቶች ድምፁን ሰምተው ነው የሚያወርዱት። ቴርሞሜትር አያስፈልጋቸውም፣ እኔ ግን አንዴ ተክሎ ማየት ይመከራል እላለሁ።

ፈንዲሻ ለምን ይፈነዳል?

የሚፈነዳው ውሃው ነው። ደረቅ የሚመስለው የፈንዲሻ በቆሎ ውስጥ 14 በመቶ ገደማ ውሃ አለ። ቅርፊቱ ደግሞ ጠንካራና ድፍን ነው። ሲሞቅ ውሃው ወደ እንፋሎት መለወጥ ይፈልጋል፣ ግን ቦታ የለውም። ክፍት ቦታ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ 1,700 ሊትር የሚሞላ እንፋሎት ይወጣዋል፤ እዚህ ግን በአንዲት ፍሬ ውስጥ ታፍኗል። ሞለኪውሎቹ እየፈጠኑ ግድግዳውን ይደበድባሉ። ፍሬው 180 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የውስጡ ግፊት የከባቢ አየርን ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። ቅርፊቱ ከዚህ በላይ አይችልም። ጧ! ለስልሶ የነበረው ስታርች በአንዴ ይለጠጥና አየር ሲነካው ይቀዘቅዛል፣ ባለበት ይደርቃል። ነጩ አረፋ እሱ ነው።

ድስቱ ሥር ሳይፈነዱ የሚቀሩትስ? ወይ ቅርፊታቸው ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ሾልኳል፣ ወይ ውሃቸው ደርቋል። የቆየ ፈንዲሻ አልፈነዳ ካላችሁ እሳቱን አትውቀሱ። በሚገባ በሚገጠም ዕቃ አስቀምጡት።

ሲሞቅ ቅንጣቶቹ ራሳቸው ያብጣሉ?

አያብጡም። ብዙ ተማሪ ፈተና ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። ብረት ሲሞቅ የሚረዝመው አተሞቹ ስለተነፉ ሳይሆን ሲርገፈገፉ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዙ ነው።

ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ግን አይናቅም። 100 ሜትር የብረት ሀዲድ ከጠዋቱ ብርድ እስከ ቀትር ፀሐይ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ 3.6 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ለዚህ ሲባል ድሮ ሀዲድ ሲዘረጋ በቁራጮቹ መካከል ክፍተት ይተዉ ነበር። ባቡር ሲሄድ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ክፍተት ነው። ቤት ውስጥም ይጠቅማል፦ አልከፈት ያለ የማርማላታ ጠርሙስ ካለ የብረት ክዳኑ ላይ ሙቅ ውሃ አፍስሱበት። ብረቱ ከጠርሙሱ ይልቅ ስለሚሰፋ ይላላል።

ጋዝ ላይ ደግሞ ውጤቱ ይጎላል። ጎማ ውስጥ ያለው አየር መስፊያ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ከ15 ወደ 35 ዲግሪ ሲሞቅ ጠቅላላ ግፊቱ በ7 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ጎሚስታው ጋ ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት አስለኩ። በጉዞ መሐል የጋለ ጎማ ለክቶ በዝቷል ብሎ ማስተንፈስ ማታ ሲቀዘቅዝ ጎማውን ያጎድላል።

ውሃ ግን ሲቀዘቅዝ ነው የሚሰፋው፤ ፍሪዘር ውስጥ የረሳሁት ቢራ ፈንድቷል።

ውሃ አፈንጋጭ ነው። እስከ 4 ዲግሪ ድረስ እንደሌላው ሁሉ ሲቀዘቅዝ ይጠባል። ከዚያ በታች መልሶ መስፋት ይጀምራል። በረዶ ሲሆን ሞለኪውሎቹ ባለ ስድስት ጎን ሆነው ይደረደራሉ፤ ድርድሩ መሐሉ ክፍት ስለሆነ ቦታ ይበላል። መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጠርሙስ ደግሞ አይለጠጥም። በረዶ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ከውሃ ስለሚቀል ነው።

ውሃ ሳይፈላ እንዴት ይተናል? የታጠበ ልብስ 92 ዲግሪ አይደርስም።

ቴምፕሬቸር አማካይ ነው ያልነው እዚህ ይጠቅመናል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥም ከአማካዩ በላይ የሚፈጥኑ ሞለኪውሎች አሉ። ከእነሱ ውስጥ ላይ ላዩን ያሉት አምልጠው ይሄዳሉ። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት አማካያቸው ይወርዳል። ስለዚህ ትነት ያቀዘቅዛል።

እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ ከፕላስቲክ ጀሪካን ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። ሸክላው ስለሚያንጠባጥብ ላዩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ እርጥቡ ይተናል፣ ሙቀቱን ከውስጥ ካለው ውሃ ይወስዳል። ላብም ሥራው ይኸው ነው። ግን አየሩ ራሱ በእርጥበት ከተሞላ የወጣውን ያህል ሞለኪውል ተመልሶ ይገባል። ጅዳ ወይም ዱባይ በክረምታችን ወራት የኖረ ሰው ያውቀዋል፦ ላቡ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፣ አያቀዘቅዝምም። ሰመራ ላይ ደረቅ በሆነ ቀን ያው ዲግሪ ትንሽ ይቻላል።

ደብረ ብርሃን ላይ በጠዋት የብረቱ በር ከእንጨቱ ለምን ይበልጥ ይቀዘቅዛል?

አይበልጥም። ሁለቱም ሌሊቱን አንድ ቦታ ስላደሩ ዲግሪያቸው አንድ ነው። ብረት ግን ሙቀት በፍጥነት ያሳልፋል፤ በውስጡ በነፃነት የሚዘዋወሩ ኤሌክትሮኖች አሉት። ከእጃችሁ የወሰደውን ወዲያው ወደ ውስጥ ያሳልፍና ሌላ ይወስዳል። እንጨቱ የወሰደውን እዚያው ይዞ ይቆማል። እጃችን ቴርሞሜትር አይደለም፤ የሚለካው ሙቀቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሄድበት ነው።

ጠጣር ሳይቀልጥ በቀጥታ ጋዝ መሆን ይችላል?

ይችላል። ቁም ሳጥን ውስጥ የምናስቀምጠው ናፍታሊን እርጥበት ሳይተው እየሳሳ ያልቃል። ደረቅ በረዶ የሚባለው፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከ0 በታች 78.5 ዲግሪ ላይ በቀጥታ ይተናል።

ሁሉም ነገር ሲሞቅ ይቀልጣል?

የለም። እንቁላል ሲሞቅ ይጠጥራል፤ ሲቀዘቅዝም ወደ ነበረበት አይመለስም። ሊጡ እንጀራ ከሆነ በኋላ ሊጥ አይሆንም። ወረቀት ከመቅለጡ በፊት ይነዳል። እዚህ ላይ ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ተለውጠዋል፤ ከላይ ያልነው የማቅለጥና የማትነን ሕግ አይሠራም።

ከጋዝ በላይስ ሌላ ደረጃ አለ? ከታችስ ስንት ድረስ ይቀዘቅዛል?

ከላይ ፕላዝማ አለ። ጋዙ በጣም ሲግል አተሞቹ ኤሌክትሮናቸውን ይጥላሉ። መብረቅ፣ የብየዳ ብልጭታና ፀሐይ ፕላዝማ ናቸው። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መብረቅ የሚያልፍበት አየር ግን ለቅጽበት 30,000 ይደርሳል።

ከታች ወሰን አለ፦ ከ0 በታች 273.15 ዲግሪ። እዚያ ላይ ከቅንጣቶቹ የሚወሰድ ሙቀት የለም። እንቅስቃሴያቸው ግን ጨርሶ አይቆምም፤ ሊወሰድ የማይችል ትንሽ ንቅናቄ ይቀራል። እስካሁን በጣም ተጠግተውታል፣ የደረሰበት የለም።

ጋዝ እየተጠቀምኩ ሳለ ሲሊንደሩ ለምን ይቀዘቅዛል? ላብም ያወጣል፤ አደጋ አለው?

የለውም። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው አብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ቡቴንና ፕሮፔን የሚባሉ ጋዞች በግፊት ተጨምቀው ፈሳሽ የሆኑ ናቸው። ምድጃውን ስትከፍቱ ከላይ ያለው ጋዝ ይወጣል፣ ፈሳሹ ደግሞ ለመተካት ይተናል። ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ከየት ያመጣል? ከራሱ፣ ከሲሊንደሩና በዙሪያው ካለው አየር። ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል።

ብርድ በበዛበት ቦታ ነበልባሉ የሚደክመውም በዚሁ ነው። ቡቴን ከ0 በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ መትነን ሊያቆም ይደርሳል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከ0 በታች ድረስ ይተናል። ሲሊንደሩ ውስጥ ቡቴኑ ከበዛ ውርጭ ባለበት ጠዋት ይለግማል። ያኔ ሲሊንደሩን ወደ ምድጃው ማስጠጋት ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ እንዳይታሰብ፤ ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ለብ ወዳለ ክፍል ማስገባት ይበቃል።

ጤዛው ጥቅምም አለው። ምድጃው በኃይል ሲነድ ቆይቶ ሲሊንደሩን በእጃችሁ ከላይ ወደ ታች ዳብሱት። ለብ ያለው ክፍል አልቆ እርጥብና ቀዝቃዛው የሚጀምርበት መስመር ላይ ስትደርሱ፣ የቀረው ጋዝ ከዚያ በታች ያለው ነው።